ያገለገለ የልብስ ማድረቂያ ለጎንደር ክረምት፦ የትኛው ለጨርቅ ይሻላል?

ሐምሌና ነሐሴ ጎንደር ላይ ልብስ ማድረቅ ፈተና ነው። ጠዋት ፀሐይ አይታችሁ ያሰጣችሁት ከሰዓት ዝናብ ያገኘዋል። ቤት ውስጥ የተንጠለጠለው ደግሞ ሳይደርቅ ይሸታል። ሕፃን ያለበት ቤትም ሆነ ፒያሳ አካባቢ እንግዳ የሚያሳድር ፔንሲዮን፣ አዘዞ ወይም ማራኪ ላይ ላውንደሪ የከፈተም ሰው ቢሆን፣ በዚህ ጊዜ ማድረቂያ ማሽን ያስፈልገዋል። አዲሱ ውድ ስለሆነ ብዙ ሰው ያገለገለ ይፈልጋል። ያገለገለው ሲመጣ ግን ዓይነቱ ብዙ ነው። ከ30 እና ከ40 ዓመት በፊት የተሠራ ማሽን ሳይቀር ይገኛል።

እኔ የማወዳድራቸው በአንድ ነገር ነው፤ ልብስን ምን ያህል ሳይጎዱ ያደርቃሉ? ዋጋ እየተደራደሩ ይወርዳል። የተበላሸ ጨርቅ ግን አይመለስም።

መጀመሪያ ጉዳቱ ከየት እንደሚመጣ እንይ። አንደኛው ሙቀት ነው። ላስቲክ ያለበት ልብስ፣ ናይለንና ፖሊስተር ሙቀት ሲበዛባቸው ይላላሉ፣ ቅርጻቸውን ያጣሉ። ሁለተኛው መገላበጡ ነው። ከማሽኑ ማጣሪያ ላይ የምታነሱት ብናኝ ከሌላ ቦታ አልመጣም፤ ከልብሳችሁ ላይ የተነቀለ ክር ነው። ሦስተኛውን ብዙ ሰው አያስተውለውም። ጥጥ ደረቅ ነው ስንለው እንኳ ከክብደቱ 7 ወይም 8 በመቶ ያህል እርጥበት በውስጡ አለ። ማሽኑ ያንንም አሟጦ ሲያወጣ ጨርቁ ይከረክራል፣ ይጨማደዳል፣ ቶሎ ያልቃል። በእኔ እምነት ከሦስቱ የከፋው ይሄ ነው። ስለዚህ ስለ አንድ አሮጌ ማሽን መጀመሪያ የምጠይቀው ልብሱ ሲደርቅ በራሱ መቆም መቻሉን ነው።

በዚህ በኩል አሮጌዎቹ እኩል አይደሉም። ሰዓት ብቻ ያለው ማሽን 60 ደቂቃ ከሞላችሁለት 60 ደቂቃ ይገለብጣል። ልብሱ በ35ኛው ደቂቃ ቢደርቅም ግድ የለውም። ሻል ያለው የሚወጣውን አየር ሙቀት እየለካ የሚቆመው ነው። ልብሱ እርጥብ እስከሆነ ድረስ አየሩ ብዙ አይሞቅም፤ ሲደርቅ ሙቀቱ ይጨምራል፣ ማሽኑም ያንን አይቶ ይቆማል። ከሁሉም የሚሻለው ልብሱ ከበሮው (የሚገላበጥበት ክብ ገንዳ) ውስጥ ያሉትን ሁለት ብረቶች ሲነካ እርጥበቱን የሚለካው ነው። ሻጩ የትኛው እንደሆነ ካላወቀ መቆጣጠሪያውን እዩት። የደቂቃ ቁጥር ብቻ የተጻፈበት ከሆነ ባለ ሰዓት ነው።

አሁን ወደ ማሽኖቹ።

ለጨርቅ ምቾት ብቻ ቢሆን አሮጌዎቹን የአሜሪካ ማሽኖች አደንቃለሁ። ሀሚልተን የተባለው ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1938 ‹ጁን ዴይ› የሚባል ማድረቂያ ለገበያ ካቀረበ ወዲህ አሜሪካኖች በትልልቅ ከበሮ ሲሠሩ ኖረዋል። ብዙዎቹ ከ160 እስከ 200 ሊትር ይይዛሉ። አንሶላ ውስጡ ተዘርግቶ ይወድቃል እንጂ አይጠቀለልም። አየር በብዛት ስለሚገፉ ቶሎ ያደርቃሉ፤ ቶሎ ማድረቅ ማለት ደግሞ ጥቂት መገላበጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ሜይታግ የተባለው የአሜሪካ ፋብሪካ የሙቀት ሽቦውን በከበሮው ዙሪያ እንደ ቀለበት ያደርገው ነበር። ሙቀቱ በአንድ ጎን ስለማይከማች ጨርቁ አንድ ቦታ ላይ አይጠበስም። ይህ በእውነት ጥሩ ሥራ ነው።

ታዲያ ለጎንደር ግዙት እላለሁ? አልልም። ምክንያቱ መብራቱ ነው። የአሜሪካ ማድረቂያ የሚሠራው በ240 ቮልት ነው፤ ሞተሩ ግን ከዚያ ውስጥ ግማሹን፣ 120 ቮልቱን ነው የሚወስደው። የእኛ 220 እንደዚያ ለሁለት አይከፈልም። በቀጥታ ከተሰካ ሞተሩ ይቃጠላል። ትራንስፎርመር ቢገባለት እንኳ ሞተሩ የተሠራው ለ60 ኸርዝ (መብራቱ በሴኮንድ ለሚመላለስበት ብዛት) ነው፤ የእኛ 50 ነው። በዚህ ምክንያት ፍጥነቱ በ17 በመቶ ገደማ ይቀንሳል፣ አየር ማራገቢያውም አብሮ ይደክማል። ማሽኑን ለልብስ ደግ ያደረገው ያ ብዙ አየር ነበር፤ እሱ ከቀነሰ ምን ቀረ? በዚያ ላይ ከ20 አምፔር በላይ ይስባል። ተራ የቤት ሶኬት አይችለውም፤ ለብቻው ወፍራም ሽቦና ብሬከር ይፈልጋል።

አየርን ካነሳን የከተማችንንም ከፍታ ማንሳት አለብን። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ከባሕር ዳርቻ ከተሞች አየር በአንድ አምስተኛ ገደማ ይሳሳል። በአየር ለሚሠራ ማሽን ይህ ትልቅ ነገር ነው። ያው የሙቀት ሽቦ አነስ ያለ አየር ስለሚያገኝ አየሩን የበለጠ ያግለዋል። ስለዚህ ሌላ አገር ‹መካከለኛ› የተባለው ሙቀት እዚህ ለስስ ልብስ ሊበዛ ይችላል። የትኛውንም ማሽን ብትገዙ ከዝቅተኛው ሙቀት ጀምሩ። ማጣሪያውን በየጊዜው ሳይሆን በእያንዳንዱ ዙር አጽዱ። የአየር ማስወጫ ቱቦው አጭርና ሰፊ ይሁን። ቱቦው ረዝሞና ተጣጥፎ ግድግዳ ለግድግዳ ከዞረ ጥሩውም ማሽን ልብስ ያቃጥላል።

የአውሮፓዎቹ ለእኛ ይቀርባሉ። እንደ ሚሌ፣ ኤኢጂ፣ ቦሽና ሲመንስ ያሉት በእኛው ቮልትና በ50 ኸርዝ የሚሠሩ ናቸው። አብዛኞቹ ከ2,000 እስከ 3,000 ዋት ይወስዳሉ፤ በደንብ የተሠራ ባለ 16 አምፔር መስመር ይበቃቸዋል። ከበሯቸው ትንሽ ነው፤ ይሄ ጉድለታቸው ነው። ሁለት ብርድ ልብስ አንድ ላይ ብታጭቁበት ይጨማደዳል እንጂ አይደርቅም። በሌላ በኩል ብዙዎቹ ከበሮውን አንዴ ወደ ቀኝ፣ አንዴ ወደ ግራ ያዞሩታል። አንሶላና ረጅም ቀሚስ እንደ ገመድ አይጠመዘዝም። ይህን ማሽኑ ባዶውን ሲሠራ ቆማችሁ አረጋግጡ።

ከእነሱ ውስጥ ደግሞ ሁለት ዓይነት አለ፦ እርጥብ አየሩን በቱቦ ወደ ውጭ የሚያወጣውና ውሃውን ውስጡ አጠራቅሞ የሚያስቀረው። አሮጌ ከሆነ እኔ ባለ ቱቦውን እመርጣለሁ። ሥራው ቀላል ነው፣ የሚበላሽበትም ነገር ጥቂት ነው። ባለ ውሃ ማጠራቀሚያው ግድግዳ መብሳት ለማይችል ተከራይ ይመቻል። ነገር ግን ረጅም ሰዓት ይወስዳል፤ ያ ሁሉ ሰዓት መገላበጥ ነው። የውስጥ ማቀዝቀዣው በክር ብናኝ ከተደፈነ ደግሞ ይብስበታል። ገንዘብ ላለው ሦስተኛ መንገድ አለ፤ አየሩን በዝቅተኛ ሙቀት የሚያዞረው ባለ ሂት ፓምፕ። ኤኢጂ እ.ኤ.አ. በ1997 ለቤት ካቀረበው ወዲህ ተስፋፍቷል። በ50 ዲግሪ አካባቢ ስለሚሠራ በሙቀት በኩል ከሁሉም የሚለዝበው እሱ ነው። ያገለገለውን ግን ጠጋኝ ሳታገኙ አትግዙ። ውስጡ እንደ ፍሪጅ ጋዝና ኮምፕረሰር አለው።

ከዓረብ አገር የመጣ ማሽን ከሆነ ከኋላው ያለውን ሰሌዳ አንብቡ። የዱባዩ 50 ኸርዝ ነው። የሳዑዲው ግን 60 ሊሆን ይችላል።

ስለ ሐበሻ ልብስ ሳልናገር አላልፍም። ነጠላ፣ ጋቢ፣ የጥምቀት ቀሚስ፦ ከላይ ካልኳቸው ማሽኖች የትኛውም ውስጥ አይግቡ። ማጉ በእጅ ላላ ተደርጎ የተፈተለ ነው፤ ሲገላበጥ ይነጫል፣ ይኮማተራል። ጥለቱ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከሌላ ዓይነት ክር ይሠራል። ጥጡ ሲያጥር ጥለቱ እኩል ስለማያጥር ጠርዙ ይሸበሸባል። ያንን ተኩሶ ማቃናት አይቻልም። ለእነዚህ የሚሆነው መጭመቂያ ነው። ባለ ሁለት ገንዳ ማጠቢያ ያለው ሰው መጭመቂያ አለው። ለብቻው የሚሸጥ የአውሮፓ መጭመቂያም አለ፤ አንዳንዱ በደቂቃ 2,800 ጊዜ ይሽከረከራል። ነጠላውን አጥፋችሁ በትራስ ልብስ ውስጥ ክተቱትና ለአጭር ጊዜ ብቻ ጭመቁት። ከዚያ ጥላ ሥር፣ ነፋስ ባለበት፣ በሁለት ገመድ ላይ ዘርግታችሁ አስጡት። የጎንደር የጥቅምት ፀሐይ ራሱ የጥለት ቀለም ያደበዝዛል።

መጭመቂያውን ማድረቂያ ለሚገዛም ሰው እመክራለሁ። ውሃው በመሽከርከር ከወጣ ለሙቀት የሚቀረው ሥራ ትንሽ ነው፤ ቆጣሪውም ያርፋል።

ልትገዙ ስትሄዱ አሮጌ የሴት ስቶኪንግ ይዛችሁ ሂዱ። እጃችሁ ላይ አጥልቁና የከበሮውን ውስጥ በሙሉ፣ መጋጠሚያውንና ቀዳዳዎቹን ዳብሱ። ስቶኪንጉ የተያዘበት ቦታ ልብሳችሁንም ይይዛል። ከዚያ ከበሮውን ከፊት በኩል በእጃችሁ ወደ ላይ ከፍ አድርጉት። ብዙ ከተነሳ ማንሸራተቻው አልቋል ወይም ኩሽኔታው ሄዷል ማለት ነው፤ እንዲህ ያለ ማሽን ኮሌታና ቁልፍ በክፍተቱ ይነክሳል፣ ነጭ ልብስ ላይም ጥቁር መስመር ይተዋል። ቺንጋ መቀየር ቀላል ነው። ለእሱ ዋጋ አስቀንሱ እንጂ ማሽኑን አትተዉት። በመጨረሻ እርጥብ ፎጣ አስገብታችሁ አስነሱትና ማስወጫው ላይ ቴርሞሜትር ያዙ። በዝቅተኛው ሙቀት ከ60 ዲግሪ እያለፈ ከሄደ የሙቀት መቆጣጠሪያው ተበላሽቷል።

ለሕፃን ልብስና ለአንሶላ፣ ባለ ቱቦ፣ ከበሮው በሁለት ወገን የሚዞርና ሲደርቅ በራሱ የሚቆም የአውሮፓ ማሽን ካገኛችሁ ዕድሜው አያስፈራችሁ። ለፔንሲዮን ከአንድ ትልቅ ይልቅ ሁለት እንዲህ ያሉ ይሻላሉ፤ አንዱ ቢበላሽ እንግዳ ያለ አንሶላ አያድርም። ብቻውን የሚኖርና ብዙው ልብሱ ሸማና ሱፍ የሆነ ሰው ማድረቂያውን ይተወው፣ መጭመቂያ ይግዛ። የትኛውንም ብትገዙ ማሽኑ እየሠራ መብራት ቢጠፋ ልብሱን ወዲያው አውጥታችሁ ዘርጉት። የጋለ ልብስ ከበሮው ውስጥ ተከምሮ ሲቆይ መጨማደዱ ብቻ አይደለም፤ እሳትም ሊያስነሳ ይችላል።