እሳት የሚነድበት ጎጆ፦ ጎጃም ውስጥ ያየሁት የገጠር ግቢ ሙዚየም

ከባሕር ዳር ወጣ ብሎ የአንድ ገበሬ ቤተሰብ ግቢ በሙሉ እንዳለ የሚታይበት ሙዚየም አለ። ጉድለቱንም ስለማነሳ ስሙን ልተወው። ግን ሂዱ፣ ልጆችም ይዛችሁ ሂዱ።

ግቢው ውስጥ ሳር ክዳን ጎጆ፣ ጎተራ፣ በረትና አውድማ አለ። ከሁሉ የወደድኩት ዋናው ጎጆ ውስጥ ምድጃው በየቀኑ መንደዱን ነው። ይሄ ለእንግዳ ተብሎ ብቻ የሚደረግ አይደለም። ጭሱ ሳሩን ያደርቀዋል፣ ተባይም እንዳይበላው ይከላከላል፤ ሰው ወጥቶበት እሳት የጠፋበት ጎጆ ክዳኑ ቶሎ የሚበሰብሰው ለዚህ ነው። ቀና ስትሉ ጣራው በጥላሸት ጠቁሮ ያብለጨልጫል።

ወፍጮው ጋ አንዲት እናት ዳጉሳ ይፈጫሉ። «ነይ እስቲ ልጄ፣ ሞክሪው» ብለው መጁን፣ ላይኛውን የመፍጫ ድንጋይ፣ ሰጡኝ። ተንበርክኮ በወገብ ነው የሚገፋው፣ ክንድ ብቻውን አይችለውም። ሴቶቻችን ሌሊት እየተነሱ ለስንት ሰው እንጀራ የሚሆን ሲፈጩ እንደኖሩ እዚያ ነው የሚገባችሁ። እኚህ እናት ድካሙንም ሳይደብቁ ይነግሯችኋል፣ በዚህ በጣም አከበርኳቸው።

ያናደደኝ የእርሻው ዕቃ ነው። ሞፈሩም፣ ቀንበሩም፣ እርፉም፣ ድግሩም ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ «ባህላዊ የእርሻ መሣሪያ» የሚል አንድ ወረቀት ተለጥፎበታል። በቃ! ድግር አፈሩን ግራና ቀኝ እንደሚገፋ፣ ማረሻው ወገል በሚባለው ብረት እንደሚያያዝ፣ ሞፈሩን ከቀንበሩ የሚያስረው ምራን ከቆዳ እንደሚሠራ የሚያስረዳ ሰው የለም። አካባቢው እኮ ሞልቶ የተረፈው ገበሬ ነው፣ አንዱን መቅጠር ምን ይከብዳል?

ስዊድኖች ስካንሰን የሚባለውን ሜዳ ላይ የተዘረጋ ሙዚየማቸውን በ1891 እ.ኤ.አ. ሲከፍቱ የድሮ ቤቶችን ከየአካባቢያቸው ነቅለው አምጥተው ነው የተከሉት። እኛ ጋ ጎጆ የሚያዋቅረውም፣ ሳር የሚከድነውም ዛሬም በሕይወት አለ። ግን ሁሉም ወደ ቆርቆሮ እየዞረ ስለሆነ የእነዚህን ሰዎች ሙያ አሁኑኑ በምስል ማስቀረጽ፣ ልጆችንም በእጃቸው እንዲሠሩ ማስተማር ያስፈልጋል። ሙዚየሙ ይህን ቢጀምር ሌላው ጉድለቱ ሁሉ ቀላል ነው።

ምግቡ ጥሩ ነው፤ እንጀራው በእንጨት እሳት የተጋገረ፣ ሽሮውም አይቡም የቤት። የዳጉሳ ጠላም አላቸው። ክረምት ላይ መንገዱ ጭቃ ስለሆነ ይቅርባችሁ። በሬ ሲያበራይ ማየት የሚፈልግ ታኅሣሥ ወይም ጥር ላይ በጠዋት ይሂድ።