የጎንደር ፀሐይ ወይስ የዕጣን ጢስ?

ጋቢንና የሀገር ልብስን ያለ ማጠቢያ ማሽን ከላብ ሽታ ለማላቀቅ በጎንደር ቤቶች ሁለት መንገዶች ይታወቃሉ፤ ፀሐይ ላይ ማስጣትና በዕጣን ማጠን። እኔ ያለ ማመንታት ፀሐይን አስቀድማለሁ። ሽታውን የሚፈጥሩት ላብን የሚያብላሉ ባክቴሪያዎች ስለሆኑ፣ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ባላት ከተማችን የሚበረታው የፀሐይ አልትራቫዮሌት (በዓይን የማይታይ) ጨረር ከደረቁ ነፋስ ጋር ተባብሮ ቁጥራቸውን ይቀንሳል፤ የሚባዙበትን እርጥበትም ያደርቃል። ባለቀለሙ ጥለት እንዳይደበዝዝ ግን ልብሱ ተገልብጦ ይሰጣ። ዕጣን ሽታን ይሸፍናል እንጂ ምንጩን አያስወግድም፤ ጢሱ ከበዛም ነጩን ጥጥ ወደ ቢጫነት ይለውጠዋል። ሆኖም ፀሐይ በምትጠፋበት በሐምሌና በነሐሴ፣ አስቀድሞ የደረቀን ልብስ ከፍሙ ራቅ አድርጎ ለጥቂት ደቂቃ ማጠን፣ እናቶቻችን ለበዓል እንደሚያደርጉት፣ ደስ የሚል መዓዛ ይሰጠዋል።