በዓሉ አልፎ ሳይረሳኝ አንድ ሰው ላመስግን

ይህን ጽሁፍ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ትቼዋለሁ። ይሄ አራተኛው ነው። ካሳደርኩት እንደማልጽፈው ስለማውቅ ከውጭ ስገባ ኮቴን እንኳን ሳላወልቅ በሩ አጠገብ ቁጭ ብዬ እየጻፍኩ ነው።

36 ዓመቴ ነው። ኤዲኤችዲም (ትኩረት መሰብሰብና የጀመሩትን መጨረስ የሚያስቸግር ነገር ነው) ኦቲዝምም እንዳለብኝ ያወቅሁት ከሁለት ዓመት በፊት ነው። "ሁለቱም?" ለምትሉኝ፣ አዎ ሁለቱም። የአሜሪካ ሳይካትሪ (የአእምሮ ሕክምና) ማኅበር የምርመራ መመሪያ እስከ 2013 እ.ኤ.አ. ድረስ ሁለቱ በአንድ ሰው ላይ አብረው እንዲመዘገቡ አይፈቅድም ነበር። እንደ እኔ ያለ፣ የእኔ ዕድሜ ሰው ብዙው "ሰነፍ"፣ "ግትር"፣ "ዝርክርክ" እየተባለ ነው ያደገው።

በዓል እፈራለሁ። እወደዋለሁ፣ ግን እፈራዋለሁ። ዓመቱን ሙሉ በስንት መከራ ያቆምኩት የእንቅልፍ ሰዓት፣ የእግር ጉዞ፣ የመድኃኒት ሰዓት በአንድ ሳምንት ድራሹ ይጠፋል። ሥራ ስለሌለ ቀኑን የሚይዝልኝ ነገር የለም። እንግዳ ይገባል፣ ሙዚቃ ይጮኻል፣ ሁሉም በአንዴ ያወራል። ሰው ይህንን ዕረፍት ይለዋል። እኔ ከዚያ ዕረፍት ለማገገም ወር ይፈጅብኛል።

እርዳታ ፍለጋ ያልዞርኩበት የለም። አንዱ ጋ ገባሁ፤ ቀና ብሎ እንኳን ሳያየኝ "ዲግሪ አለሽ፣ ሥራ አለሽ፣ ምን ጎደለሽ?" አለኝ። ከፍዬ ወጣሁ። ሌላዋ በየሰዓቱ የተከፋፈለ ባለቀለም ሰንጠረዥ ሠራችልኝ። "21 ቀን ሳታቋርጪ ሥሪው፣ ልማድ ይሆናል። አንድ ቀን ከዘለልሽ ግን ከዜሮ ነው የምትጀምሪው" አለችኝ። አራተኛው ቀን ላይ እንግዳ መጣ፣ ዘለልኩ። ሰንጠረዡን ቀድጄ ጣልኩት፣ ከዚያ ሦስት ቀን ከአልጋ አልወረድኩም። ሦስተኛው ቦታ ደወልኩ፤ "በዓሉ ይለፍና ነይ" ተባልኩ። እሳቱ ሲጠፋ ውሃ እናመጣልሻለን እንደማለት ነው! ስልኩን ዘግቼ አለቀስኩ። የትኛው ቦታ እንደሆነ አትጠይቁኝ፣ አልናገርም። ቆሽቴ ግን እስከዛሬ ያራል።

የማመሰግናትን ሰው ያገኘኋት ተስፋ ከቆረጥኩ በኋላ ነው። ኦኩፔሽናል ቴራፒስት ናት። ምን ማለት እንደሆነ በደንብ አስረድታኛለች፣ እኔ ግን አልያዝኩትም። የዕለት ተዕለት ኑሮን ለመኖር የምታግዝ ባለሙያ ብላችሁ ያዙት።

የመጀመሪያ ቀን ገብቼ ሳልቀመጥ ቀና ብላ ጣሪያውን አየች። መብራቱ እዝዝዝ ይላል። "ይሄ ድምፅ አይረብሽሽም?" አለችና አጠፋችው። መጋረጃውን ከፈተች። እኔ ምንም አላልኩም ነበር። በሕይወቴ እንዲህ ያለ ነገር ሳልጠይቅ ያደረገልኝ ሰው የለም።

ከዚያ እኔ ስለ ዕቅዴ እለፈልፋለሁ። ስፖርት፣ አመጋገብ፣ ማሰላሰል፣ ማስታወሻ ደብተር፣ ምኑ ቅጡ። ሰምታኝ ሰምታኝ አንድ ጥያቄ ጠየቀችኝ። "ዛሬ ውሃ የጠጣሽው መቼ ነው?"

ዝም አልኩ። ከቀኑ አሥር ሰዓት ሆኗል። አልጠጣሁም። ከንፈሬ ደርቋል፣ ራሴን ያመኛል፣ ግን ጠምቶኛል የሚል ነገር አልተሰማኝም። ሌላ ሰው ቢሆን "እንዴት እንዲህ ራስሽን ትጥያለሽ!" ይለኝ ነበር። እሷ ተነስታ ሁለት ብርጭቆ ውሃ ይዛ መጣች። አንዱን ለእኔ ሰጠችኝ፣ አንዱን ራሷ ጠጣች። አብረን፣ ዝም ብለን ጠጣን። ጨርሰን ስናስቀምጥ ነው ያስረዳችኝ፤ አንዳንዶቻችን ላይ ረሃብም፣ ጥምም፣ ድካምም ዘግይቶ ወይም ተደበላልቆ ነው የሚሰማን። ስንፍና አይደለም። የምወስደው መድኃኒት ደግሞ የምግብ ፍላጎት ይዘጋል። "ስለ መድኃኒቱ ሐኪምሽን ጠይቂ፣ የእኔ ሥራ ሰዓቱን እንዳትረሺው ማገዝ ነው" አለችኝ። የማታውቀውን የማትቀባጥር ባለሙያ እንዴት ደስ ይላል!

ስለ 21 ቀኑም ነገርኳት። ሳቀች። ለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ውስጥ የተሠራ፣ በ2010 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ላይ አንድ ነገር ልማድ እስኪሆን በአማካይ 66 ቀን እንደፈጀ ነገረችኝ። ከሰው ሰው ግን ከ18 ቀን እስከ 254 ቀን ይለያያል። ደግሞ አንድ ቀን መዝለል ነገሩን አያበላሸውም። ይህንን ስሰማ ደረቴ ላይ የነበረ ድንጋይ የወረደ መሰለኝ። ስንት ዓመት ነው ከዜሮ ስጀምር የኖርኩት?

ለበዓሉ ሦስት ነገር ብቻ መረጠችልኝ። መድኃኒት፣ ውሃ፣ የመኝታ ሰዓት። የቀረው ይደር። መድኃኒቱን ከጥርስ ብሩሹ ጋር አሰርነው፣ ምክንያቱም የስልክ ማንቂያ በሦስተኛው ቀን ጆሮዬ መስማት ያቆመዋል። እንግዳ ሲበዛ ደግሞ የምገባበት ጸጥ ያለ ክፍል ቀድሜ እንድመርጥ፣ ለቤተሰቤም ቀድሜ እንድነግር አደረገችኝ። ማታ ልተኛ ስዘጋጅ እህቴን ክፍሌ ውስጥ ዝም ብላ እንድትቀመጥ እንድጠይቃት ነገረችኝ። ሰው አጠገቤ ካለ የጀመርኩትን እጨርሳለሁ። ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ይሠራል።

ከሁሉ የከበደኝ ለእናቴ መንገር ነበር። ከልጅነቴ ጀምሮ "ልጄ እንግዳ ስታይ ትደበቃለች" እያለች ታፍርብኝ ነበር። ነገርኳት። አልመለሰችልኝም። በበዓሉ ማግስት ግን ቤቱ በሰው ሞልቶ እኔ ክፍሌ ስገባ፣ ትንሽ ቆይታ በሩን ቀስ አድርጋ ከፈተች። ብርጭቆ ውሃ አስቀመጠች። መብራቱን አጠፋችልኝና ወጣች።

ሁለት ቀን መድኃኒቴን ዘልያለሁ፣ አልዋሽም። አንድ ሌሊት እስኪነጋ አልተኛሁም። ግን በነጋታው ቀጠልኩ። ዘንድሮ ለማገገም ወር አልፈጀብኝም፣ አራት ቀን በቃኝ!

ቴራፒስቷ እህቴ፣ ይህንን ካነበብሽው እግዜር ይስጥልኝ። ዕድሜ ይስጥሽ። እናንተም እንደ እኔ የምትሰቃዩ ካላችሁ፣ ወይ ልጃችሁ፣ ወይ ባላችሁ፣ ወይ እህታችሁ እንዲህ ከሆነ፣ እባካችሁ እሷ ጋ ሂዱ። በዓሉ እስኪመጣ አትጠብቁ፣ ቀደም ብላችሁ ሂዱ። ስሟን እዚህ እንዳልጽፍ ስለጠየቀችኝ በውስጥ መስመር ጻፉልኝና አገናኛችኋለሁ። ካልመለስኩላችሁ ደግማችሁ ጻፉ። አይቼው ረስቼ ነው።