ውሃ ሲጠጣ ሳታዩ ለመኪና ቫኪዩም ብር አትክፈሉ

መኪና ያላችሁ፣ ላቫጆ የምትሠሩ ወይም ለመክፈት ብር የምታጠራቅሙ ሁሉ፣ እባካችሁ ይህን ሳታነቡ ቫኪዩም አትግዙ።

ቴሌግራምና ቲክቶክ ላይ «እርጥብም ደረቅም የሚስብ የመኪና ቫኪዩም» የሚል ማስታወቂያ በዝቷል። ቪዲዮው ልብ ይሰርቃል። ሰውዬው ቡና የፈሰሰበት ወንበር ላይ ውስጡ የሚታይ ጠፍጣፋ አፍ ይጎትታል። ጥቁር ውሃ ሽቅብ ይወጣል። ጨርቁ ከኋላው ፏ ብሎ ይቀራል። ዋጋው ደግሞ ሱቅ ከጠየቃችሁት በግማሽ ያነሰ ነው። «የቀሩን ጥቂት ናቸው፣ ቀድመው ይዘዙ» ይላል። ቀብድ በቴሌብር ትልካላችሁ። ዕቃው በሞተር ሳይክል ይመጣል። ካርቶኑን ስትከፍቱ የምታገኙት ግን ቪዲዮው ላይ ያያችሁትን ማሽን አይደለም።

ቪዲዮው ላይ ያለው ሁለት ጋን ያለው ማሽን ነው። ከአንዱ ጋን ንጹህ ውሃና ሻምፖ ወንበሩ ላይ ይረጫል፤ ወዲያው ቆሻሻውን ወደ ሌላኛው ጋን ይስባል። የታፒሰሪ ማጠቢያ ነው። «እርጥብና ደረቅ» የሚባለው ተራው ቫኪዩም ግን አይረጭም፤ የፈሰሰን ውሃ ይስባል፣ አቧራና ጠጠር ይስባል፣ በቃ። እሱም ቢሆን ጥሩ ዕቃ ነው። በብሩሽና በሻምፖ ራሳችሁ ካሻችሁት በኋላ ውሃውን ጎትቶ ያወጣላችኋል። ችግሩ አንዱን አሳይቶ ሌላውን መላክ ነው። ከዚህም የባሰ አለ። ከሁለቱም ያልሆነ፣ ለደረቅ ብቻ የተሠራ ማሽን «እርጥብ» የሚል ተለጣፊ ተደርጎበት ይሸጣል።

ሰፈራችን ላቫጆ ያለው ወጣት የደረሰበት ይኸው ነው። እቁብ ሲደርሰው አንድ ሱቅ ሄዶ ትልቅ በርሜል ያለው ቫኪዩም ገዛ። ካርቶኑ ላይ 4800 ዋት ተጽፏል። ደረቁን ሥራ ጥሩ አድርጎ ሠራለት። ከዚያ አንድ ደንበኛ ልጆቹ ጭማቂ ያፈሰሱበትን የኋላ ወንበር እንዲያጥብለት ጠየቀው። ወንበሩን በሻምፖ አሸው፣ ቫኪዩሙን ከፈተ። ብዙም ሳይቆይ ከማሽኑ ጀርባ ውሃ መርጨት ጀመረ፤ ቀጥሎ የተቃጠለ ሽታ መጣ፤ ከዚያ ዝም አለ። ይዞት ሲመለስ ሱቁ ምን አለው? «ውሃ አስገብተህበት ነው የተቃጠለው፣ ጋራንቲ የለውም።» እርጥብ ይስባል ብለው የሸጡለት ራሳቸው ናቸው! እኔ ይህ ልጅ በሰው ፊት እንዴት እንዳፈረ አይቻለሁ። ይህን የምጽፈውም ሌላው ላይ እንዳይደገም ነው።

ባለሙያ ሲከፍተው ነገሩ ግልጽ ሆነ። የቫኪዩም ሞተር ሁለት ዓይነት ነው። በአንደኛው ዓይነት፣ ከወለሉ የተሳበው አየር በፊልትሩ አልፎ በሞተሩ የሽቦ ጥቅልል መሐል ይሄዳል፤ ሞተሩን የሚያቀዘቅዘውም እሱ ነው። ለደረቅ አቧራ ችግር የለውም። ውሃ ሲመጣ ግን እርጥበቱ በቀጥታ ኤሌክትሪኩ ላይ ያርፋል። በሁለተኛው ዓይነት፣ ሞተሩ የሚቀዘቅዝበት አየር ለብቻው በሌላ ቀዳዳ ይገባል፤ የተሳበው እርጥብ አየር ሞተሩን ሳይነካ በጎን ይወጣል። ውሃ የሚስብ ቫኪዩም ይህ ሁለተኛው መሆን አለበት። ሱቅ ውስጥ ሞተር አስፈትቶ ማየት አይቻልም። ክዳኑን አንሥታችሁ ከሥር ማየት ግን ይቻላል። ውሃው ጋኑን ሲሞላው ወደ ላይ ተንሳፍፎ መሳቢያውን የሚዘጋ ኳስ ወይም ቆብ በወንፊት ቤት ውስጥ መኖር አለበት። እሱ ከሌለ፣ ሻጩ የፈለገውን ቢምል ያ ዕቃ ለውሃ አልተሠራም።

አሁን ወደ ዋቱ እንምጣ፤ ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። የእኛ መብራት 220 ቮልት ነው። 4800ን ለ220 አካፍሉት፤ ወደ 22 አምፒር ይመጣል። የተለመደው የግድግዳ ሶኬት የሚችለው 16 አምፒር ነው፣ ማለትም 3520 ዋት። ስለዚህ 4800 ዋት በእውነት የሚበላ ማሽን ሶኬታችሁን ያቀልጠው ነበር። የሚሸጠው ማሽን ግን ቀጭን ገመድ ይዞ ምንም ሳይሆን ይሠራል። ቁጥሩ ውሸት ስለሆነ ነው። ካርቶኑን ተዉትና ማሽኑ ጀርባ ወይም ክዳኑ ሥር ያለችውን፣ ዋቱ የተጻፈባትን ትንሽ ምልክት አንብቡ። ካርቶኑ ሌላ፣ እሷ ሌላ የሚሉ ከሆነ ዕቃውን አስቀምጡት።

ደግሞም ዋት ማለት ማሽኑ የሚበላው መብራት ነው፤ የሚስብበት ጉልበት አይደለም። የጀርመኑ ካርቸር ደብልዩ ዲ 3 የሚባለው፣ በብዙ አገር የታወቀው እርጥብና ደረቅ ቫኪዩም 1000 ዋት ብቻ ነው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ የቤት ምንጣፍ ቫኪዩም ከ900 ዋት እንዳይበልጥ ደንግጓል፤ አውሮፓውያን ቤታቸውን መጥረግ አላቆሙም። ልትጠይቁ የሚገባው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው የመሳብ ኃይሉ በኪሎፓስካል ስንት ነው የሚለው ነው። ወደ 20 ኪሎፓስካል የሆነ ማሽን ውሃን ሁለት ሜትር ያህል ሽቅብ መጎተት ይችላል፤ ለወንበር ስፖንጅ በቂ ነው። ሁለተኛው በሰከንድ ስንት ሊትር አየር ያንቀሳቅሳል የሚለው ነው። ምንጣፍ ውስጥ የተቀበረ አሸዋ የሚነቀለው በዚህ ነው። ሻጩ ሁለቱንም ካላወቀ፣ ምልክቱም ላይ ከሌለ፣ በዋት ብቻ አትወስኑ። ቱቦውንም እዩት። ቀጭን ቱቦ ወንበር ሥር የፈሰሰ ቆሎ ሲያገኝ ወዲያው ይታነቃል።

መኪና ውስጥ ላይተር ላይ የሚሰኩትን ትናንሽ ቫኪዩሞች በተመለከተ ብዙ አልልም። ላይተሩ 12 ቮልት ነው፤ ፊውዙ ብዙውን ጊዜ 10 ወይም 15 አምፒር ነው። ቢበዛ 180 ዋት ማለት ነው። ክሩስኮት ላይ ያለ አቧራና የብስኩት ፍርፋሪ ያነሣል። ወንበር የጠጣውን ውሃ ያወጣል የሚላችሁ ሰው ግን እያታለላችሁ ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? አሞክሩት። መርካቶ ውስጥ አምፖል እንኳ ሳይሞከር አይገዛም፤ ይህን ያህል ብር የሚያወጣ ማሽን ለምን ሳይሞከር ይገዛል? ባልዲ ውሃና አንድ ፎጣ ጠይቁ። የወረቀት ወይም የጨርቅ ፊልትሩን አስወጡና የስፖንጁን ሽፋን ኳሱ ባለበት ወንፊት ላይ አልብሱት። ቱቦውን ውሃው ውስጥ ክተቱት፣ ይሳብ። አየር በሚወጣበት በኩል ደረቅ ሶፍት ያዙበት። ሶፍቱ ጠብታ ካገኘው ማሽኑ ውሃ እያሳለፈ ነው። ጋኑ ሲሞላ የሞተሩ ድምፅ ተለውጦ ከፍ ይላል፣ መሳቡም ይቆማል፤ ኳሱ ሠራ ማለት ነው። በመጨረሻ ፎጣውን ነክራችሁ አጥፉትና ቫኪዩሙን ቀስ ብላችሁ ሁለት ጊዜ ሳቡበት። በመዳፋችሁ ስትጫኑት ውሃ ካንጠባጠበ ወንበራችሁም እንዲሁ ረጥቦ ይቀራል፤ የረጠበ ወንበር ደግሞ በክረምት ይሸታል። «ማሞከር አይቻልም» ከተባላችሁ ውጡ። ዴሊቨሪ ከሆነ «ሲመጣ በውሃ ሞክሬ እከፍላለሁ» በሉ። ከዚህ በኋላ መልስ የማይሰጣችሁ ቻናል ብዙ ነው፤ ገንዘባችሁ ተረፈ።

የጋኑንም ነገር እወቁ። 30 ሊትር ብሎ የሚጻፈው የበርሜሉ ሙሉ መጠን ነው፤ ኳሱ ከዚያ በፊት ስለሚዘጋ የሚይዘው ውሃ ያነሰ ነው። ለግል መኪና ከ15 እስከ 20 ሊትር በቂ ነው። ከጋኑ ይልቅ «ትርፍ ፊልትርና ቱቦ ለብቻው ትሸጣላችሁ ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። የማይሸጡ ከሆነ ፊልትሩ ሲቀደድ ማሽኑን ትጥሉታላችሁ።

ዘመድ ከአሜሪካ ይዞልኝ ይመጣል የምትሉም አላችሁ። የአሜሪካው 120 ቮልት ነው። በቀጥታ 220 ላይ ከሰካችሁት ወዲያው ይቃጠላል። በትራንስፎርመር ይሠራል፣ ግን ትራንስፎርመሩ ከማሽኑ ዋት ከፍ ያለ መሆን አለበት፤ እሱ ከባድም ውድም ነው። እዚያም ቢሆን የማስታወቂያ ቁጥር ያሳስታል። ማሽኑ ላይ «6 የፈረስ ጉልበት» ተብሎ ይጻፋል። የአሜሪካ ሶኬት በ120 ቮልትና በ15 አምፒር 1800 ዋት ይሰጣል፤ ይህም 2.4 የፈረስ ጉልበት ያህል ነው። የተጻፈው በሥራ ላይ የማይገኝ ቁጥር ነው። ከዱባይ የሚመጣው ቮልቱ ይገጥማል፤ ሶኬቱ ግን ባለ ሦስት ጠፍጣፋ እግር ነው። በርካሽ አዳፕተር ከመሰካት ሶኬቱን ራሱን በኤሌክትሪሺያን ማስቀየር ይሻላል፤ ርካሹ አዳፕተር ይግላል። ዲቫይደር ላይ ከሌላ ዕቃ ጋር ደርባችሁም አትሰኩት።

ጥሩ ማሽን የገዛችሁም ብትሆኑ አንድ ነገር አደራ። አረፋ ጠላቱ ነው። ኳሱ የሚነሣው በውሃ ነው፤ አረፋ ቀላል ስለሆነ ኳሱን ሳያነሣ ወደ ሞተሩ ይወጣል። ሻምፖ አታብዙ፣ ጋኑንም ቶሎ ቶሎ ድፉት። ወንበር ሥር ደግሞ ቢጫ ሶኬት ያላቸው ገመዶች ታያላችሁ። የኤርባግ ናቸው፤ ውሃ አትርጩባቸው፣ በቱቦውም አትጎትቷቸው። ቤንዚን የፈሰሰበትን ምንጣፍ በፍጹም በቫኪዩም አትሳቡ። የሞተሩ ካርቦን ብልጭታ ስላለው እሳት ሊነሣ ይችላል።

ተታላችሁ የገዛችሁ ካላችሁ ዝም አትበሉ። «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚለው ጽሑፍ ያስፈራል፤ ግን በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው በ15 ቀን ውስጥ እንዲቀየርለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ሰጥቶታል። መጀመሪያ ሱቁን ጠይቁ፣ እምቢ ካለ ወደ ንግድ ቢሮ ሂዱ። ደረሰኝ ስትቀበሉ «ቫኪዩም» ብቻ ሳይሆን «እርጥብና ደረቅ» ተብሎ እንዲጻፍ አድርጉ፤ «ውሃ አስገብተህበት ነው» የሚለውን ክርክር የሚዘጋው እሱ ነው። ደረሰኝ ሳትይዙ የገዛችሁ ደግሞ የቴሌብር መልእክቱን አታጥፉ። የማስታወቂያውን ቪዲዮና ከሻጩ ጋር የተጻጻፋችሁትን ዛሬውኑ አስቀምጡ፤ ቻናሉ ነገ ላይኖር ይችላል።