የዘይት ስፖንጅ ለሶፋ፣ ጅማ መርካቶ፣ ከ10 ላይ 7

ሶፋ ልታሳድሱ ያሰባችሁ የጅማ ልጆች ይሄን አንብቡ። መርካቶ ካሉት ስፖንጅ ቤቶች አንዱ፣ ስሙን ተዉት፣ ከተራው ጎን "የዘይት ስፖንጅ" የሚሉት ነገር መሸጥ ጀምሯል፣ ምግብ ከተጠበሰበት ዘይት ተሰርቶ ከውጪ የገባ ነው ይላሉ፣ ዋጋው ከተራው በሩብ ያህል ይወደዳል። የኔ ሶፋ እንግዳ ሲቀመጥበት እንጨቱ እየቆረቆረው ስለተሳቀቅኩ ለሁሉም መቀመጫ አስቆረጥኩ፣ ክረምቱን ሙሉ ተቀምጠንበታል።

ሁሉም ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀኝን ልመልስ፣ አይሸትም። እህቴ ጨርቅ ሳይለብስ አፍንጫዋን ደፍታ "ኧረ የረመዳን ሳምቡሳ ሳምቡሳ ይላል" ብላ አስቃናለች ግን ውሸቷን ነው፣ የማንኛውም አዲስ ስፖንጅ ሽታ ነው የነበረው እሱም በረንዳ ላይ ሲያድር ጠፋ። ቀለሙ ትንሽ ቢጫ ነው፣ ጨርቅ ውስጥ ስለሚገባ ማን ያየዋል። ምቾቱ አሪፍ ነው፣ ጠንከር ይላል ግን አይጎረብጥም፣ ስትነሱ ወዲያው ወደ ቦታው ይመለሳል፣ ባለቤቴ ገዘፍ ያለ ሰው ነው ኳስ የሚያይባት ጥግ አለችው እሷ እንኳን እስካሁን አልጎደጎደችም። ያልወደድኩት ሲቆረጥ ጠርዙ ይፈረፈራል፣ ሶፋ ሰሪያችሁ ቢላው ካልተሳለ ቅርፁን ያበላሽባችኋል።

አሁን ወደ ወሬው። ሻጩ ልጅ "ማዘር ይሄ እኮ መቶ ፐርሰንት ዘይት ነው፣ ነዳጅ የሚባል ነገር አልነካውም፣ ሲጣል ደሞ አፈር ይሆናል" አለኝ። ኬሚስትሪ አስተማሪ እጅ ላይ ወደቀ እንግዲህ። "የኔ ልጅ፣ አይሶሳይኔቱስ ከየት መጣ?" ስለው ሳቀና ዴንሲቲውን ማስረዳት ጀመረ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ስፖንጅ ማለት ፖሊዩሬቴን ነው፣ ሁለት ፈሳሽ ተቀላቅሎ ነው የሚሰራው፣ አንዱ ፖሊዮል ሌላው አይሶሳይኔት። ትንሽ ውሃ ሲገባበት ከአይሶሳይኔቱ ጋር ሪአክት አድርጎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቃል፣ እንደ ድፎ ሊጥ ኩፍ የሚለው በሱ ነው። ዘይቱ የሚተካው ፖሊዮሉን ነው፣ ለሶፋ በሚሆን ለስላሳ ስፖንጅ ላይ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የፖሊዮሉን ከፊል ብቻ፣ አይሶሳይኔቱ በአብዛኛው አሁንም ከነዳጅ ነው የሚመጣው። ስለዚህ መቶ ፐርሰንት ሲሏችሁ ስንት ፐርሰንት ብላችሁ ጠይቁ፣ ወረቀት ካለው ያሳያችሁ፣ እኔ ስጠይቅ ምንም ወረቀት አልነበረም፣ ከ10 ላይ ሶስት የቀነስኩት በዋናነት ለዚህ ነው።

የዘይቱ ስራ ግን ደስ ይላል። የተጠበሰበትን አጣርተው ውሃውንና ሲጠበስ የተፈጠረውን አሲድ ያስወግዱለታል፣ ከዛ በሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ የዘይቱን ድርብ ቦንዶች፣ ማለትም ሁለት ካርቦኖች በእጥፍ የተያያዙባቸውን ቦታዎች፣ ኦክስጅን አስገብተው ኢፖክሳይድ ያደርጓቸዋል፣ ኢፖክሳይዱ በአልኮል ሲከፈት ፖሊዮል ይሆናል። ድርብ ቦንድ የሌለው ዘይት በዚህ መንገድ ምንም አይሰራም ማለት ነው። እኛ ደሞ የምንጠብሰው በምኑ ነው፣ በሚረጋው! የፓልም ዘይት ግማሽ ያህሉ ሳቹሬትድ ነው፣ ማለትም ድርብ ቦንድ የሌለው፣ ስለዚህ በጠቅላላው ድርብ ቦንዱ ትንሽ ነው። ኑግ ግን አብዛኛው ሁለት ድርብ ቦንድ ያለው ሊኖሌይክ አሲድ ስለሆነ ለዚህ ስራ በጣም ይሻል ነበር፣ ግን በዛሬ ዋጋ በኑግ ዘይት ሳምቡሳ የሚጠብስ ማን ነው። እዚሁ ጅማ ከየምግብ ቤቱ ዘይት ሰብስቤ ስፖንጅ ልስራ የሚል ካለ ይሄን አስቀድሞ ያስብበት፣ ቱቦ ውስጥ ከሚደፋ እኔ በበኩሌ ደስ ይለኛል።

ከዘይት ስፖንጅ መስራት ራሱ አዲስ አይደለም ደግሞ፣ ፎርድ በፈረንጆቹ 2008 ሞዴል ሙስታንግ ወንበር ላይ ከአኩሪ አተር ዘይት የተሰራ ፎም አስገብቷል፣ እሱ ግን ያልተጠበሰበት ዘይት ነው።

አፈር ይሆናል የተባለውን እርሱት። ፖሊዩሬቴን አንዴ ከተሳሰረ በኋላ መነሻው ዘይት ሆነ ነዳጅ በቀላሉ አይበሰብስም። እሳትም እንደማንኛውም ስፖንጅ ይይዘዋል፣ ጭሱም መርዝ ነው፣ እኛ ቤት ቀኑን ሙሉ ቡና ስለሚፈላ ከሰሉን ከሶፋው ራቅ አርጌዋለሁ፣ እናንተም እንደዛ አርጉ።

ለሶፋ ግዙት፣ ትንሽ ተከራከሩ ይቀንሳሉ፣ ባጃጅ ላይ ራሳቸው ይጭኑላችኋል። ለአልጋ ፍራሽ ግን እኔ በሄድኩ ጊዜ የነበረው ወፍራሙ 10 ሴንቲ ብቻ ነው፣ ወፈር ያለ ሲመጣ ደውልልኝ ብዬ ስልኬን ሰጥቼዋለሁ፣ እስካሁን አልደወለም።