ለኡስታዞቻችን የዲጂታል ሥልጠና ለሰጡልን መምህር የቀረበ ምስጋናና ጥቆማ

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።

ደሴ ከተማ በሚገኘው መድረሳችን ቁርኣን ለሚያስቀሩ ኡስታዞችና ኡስታዛዎች በዲጂታል መሣሪያዎች አጠቃቀም ላይ ሥልጠና ለሰጡልን መምህር በአስተዳደሩ፣ በወላጆችና በደረሶቻችን (በተማሪዎቻችን) ስም ከልብ የመነጨ ምስጋናችንን እናቀርባለን። ስማቸው በአደባባይ እንዲነሳ ስላልፈቀዱ ፍላጎታቸውን አክብረናል፤ ሥራቸው ግን በሌሎች መድረሳዎችም ሊታወቅ ይገባዋል።

እንዲህ ያሉ ሥልጠናዎች ብዙውን ጊዜ ስላይድ ማዘጋጀትን አሳይተው ያበቃሉ። እርሳቸው የጀመሩት ከአስተማሪው ጆሮ ነው። እያንዳንዱ ኡስታዝ ሱረቱል ፋቲሓን ሲያነብ ድምፁን በስልኩ እንዲቀዳ ካደረጉ በኋላ፣ ቀረጻውን ኦዳሲቲ በተባለው ነጻ ሶፍትዌር ከፍተው፣ በ1961 እ.ኤ.አ. ሙሉውን ቁርኣን ለመጀመሪያ ጊዜ በሙረተል (በዝግታና በእኩል ፍሰት በሚነበብበት ስልት) ካስቀረጹት ከግብፃዊው ሸኽ ማሕሙድ ኸሊል አል-ሑሰሪ ንባብ ጎን አስቀመጡት። በሱራው መጨረሻ «ወለድዷሊን» ላይ 6 ሐረካ (የድምፅ ርዝመት መለኪያ ምት) መሳብ የሚገባው መድ (የድምፅ ማስረዘም) በአንዳንዶቹ ቀረጻ አጥሮ ሲቋረጥ በድምፁ ሞገድ ላይ በግልጽ ይታይ ነበር። የሐረካ ርዝመት በንባብ ፍጥነት ስለሚለያይ ግን መድዱን ከሸኹ ጋር በሰከንድ ሳይሆን ከራሱ ከአንባቢው ሌሎች ሐረካዎች ጋር እንድናመዛዝን አጥብቀው አሳስበውናል። ለረጅም ዓመታት ያስቀሩ አንድ አባታችን የራሳቸውን ድምፅ ደጋግመው ካዳመጡ በኋላ «እስቲ እንደገና ቅዱኝ» ያሉት ያኔ ነው።

ይበልጥ ያከበርናቸው የመሣሪያውን ድንበር በማስተማራቸው ነው። የዐረብኛዎቹ ፊደላት የሷድና የሲን፣ የሓእና የሃእ ልዩነት በታመቀ የስልክ ድምፅ ሊደበዝዝ ስለሚችል፣ መኽረጅ (የፊደል ድምፅ የሚወጣበት ቦታ) የሚታረመው ደረሳው ከኡስታዙ ፊት ተቀምጦ አፋቸውን እያየ ብቻ እንዲሆን፣ ቴሌግራም ደግሞ ለቤት ሙራጀዓ (ክለሳ) መከታተያ እንዲያገለግል ሥርዓት አበጁልን። ዛሬ ልጆቻችን የሐፈዙትን (በቃላቸው የያዙትን) ማታ ማታ በድምፅ መልእክት ይልካሉ፤ ኢንተርኔት የሌላቸው ቤተሰቦች ቀረጻውን በሚሞሪ ካርድ ያመጣሉ። ኡስታዛዎቻችንም የልጆቹን ንባብ ከቤታቸው ሆነው በሚመቻቸው ሰዓት አዳምጠው የተሳሳተውን አያህ እየጠቆሙ ይመልሳሉ።

ሥልጠናው አንድ ላፕቶፕ፣ ድምፅ ማጉያና ጸጥ ያለ ክፍል ካለ ያለ ኢንተርኔትም መሰጠት ይችላል፤ ከእኛም ከትራንስፖርት ወጪ በስተቀር ክፍያ አልጠየቁም። ሊጋብዟቸው የምትፈልጉ የመድረሳ ኃላፊዎች በውስጥ መስመር ብትጽፉልን፣ ፈቃዳቸውን ጠይቀን እናገናኛችኋለን። ጀዛሁሙላሁ ኸይረን።