ለትንሽ ድርጅት ሰርቨር፦ ፕሮክስሞክስን ለምን መረጥኩ?

የመኪና መለዋወጫ በሚሸጥ ድርጅት ውስጥ የኮምፒውተሩን ጉዳይ የምይዘው እኔ ነኝ። ሃያ ሰው አንሞላም። የሚያስፈልገን ነገር ብዙ አይደለም፤ ዓይነቱ ግን የተለያየ ነው። የሒሳብ ሶፍትዌራችን ዊንዶውስ ላይ ብቻ ነው የሚሠራው። ዳታቤዙም የማይክሮሶፍቱ ኤስኪውኤል ሰርቨር ነው። የዕቃ ክምችት የምንመዘግብበት ፕሮግራም ደግሞ በብሮውዘር የሚከፈት ሲሆን የሚጫነው ሊኑክስ ላይ ነው። ከዚያ ሁሉም ሰው የሚጋራቸው ፎልደሮች አሉ፦ ደረሰኝ፣ ውል፣ የዋጋ ዝርዝር፣ የዕቃ ፎቶ።

ለዚህ ሁሉ ያለን አንድ ሰርቨር ነው። ለሁለተኛ የሚሆን ገንዘብ ቢገኝ እንኳ ባክአፕ ላይ ባውለው እመርጣለሁ። ስለዚህ "ዊንዶውስ ይሻላል ወይስ ሊኑክስ?" የሚለው የተለመደ ክርክር ለእኛ አይሠራም። ሁለቱም ግድ ናቸው። መወሰን የነበረብን ሁለቱን የሚሸከመው ከሥር ምን ይሁን የሚለውን ነው። በመጨረሻ የመረጥኩት ፕሮክስሞክስን ነው፤ በአንድ ሰርቨር ላይ ብዙ ቨርቹዋል ማሽን፣ ማለትም እንደ ራሱን የቻለ ኮምፒውተር የሚሠራ ሶፍትዌር፣ የሚያስነሳ ሲስተም ነው።

መጀመሪያ ያሰብኩት ዊንዶውስ ሰርቨርን በቀጥታ ብረቱ (ማሽኑ ራሱ) ላይ መጫን ነበር። ይህ መንገድ የሚናቅ አይደለም። የሠራተኞችን አካውንት አንድ ቦታ የሚይዘው አክቲቭ ዳይሬክተሪ ለቢሮ የተሠራ ነው። አንድ ሠራተኛ ሲለቅ አንድ ቦታ አካውንቱን ትዘጋለህ፣ በቃ፣ የትም አይገባም። የሒሳብ ሶፍትዌሩን የሸጠልን ሰውም ስልክ የሚያነሳው ዊንዶውስ ላይ ከሆነ ነው። ቨርቹዋል ማሽን የሚያስነሳው ሃይፐር ቪም አብሮ ይመጣል።

የሚያስቸግረው ፈቃዱ ነው። እዚህ ላይ ረጋ ብሎ ማንበብ ያስፈልጋል። የዊንዶውስ ሰርቨር ስታንዳርድ ፈቃድ የሚቆጠረው በፕሮሰሰሩ ኮር ነው፤ ለአንድ ሰርቨር ዝቅተኛው 16 ኮር ነው። ማሽንህ 8 ኮር ብቻ ቢኖረውም የምትከፍለው የ16 ነው። በዚያ ላይ ለእያንዳንዱ ተጠቃሚ ወይም ለእያንዳንዱ መሣሪያ ካል የሚባል የመግቢያ ፈቃድ አለ። ሰዎች ከሩቅ በሪሞት ዴስክቶፕ ገብተው እንዲሠሩ ከፈለግክ ለዚያ ሌላ ካል ትገዛለህ። ኤስኪውኤል ሰርቨርም የራሱ ፈቃድ አለው። ኤክስፕረስ የሚባለው ዕትም ነፃ ነው፤ እስከ 2022 ባለው ዕትም ግን አንድ ዳታቤዝ ከ10 ጊጋባይት ማለፍ አይችልም። ሻጭ ዘንድ ስትሄድ የመጀመሪያው ዋጋ ላይ እነዚህ ሁሉ መካተታቸውን በጽሑፍ ጠይቅ። ብዙ ጊዜ አይካተቱም።

ኢሴንሻልስ የሚባል ለትንሽ ድርጅት የታሰበ ዕትምም አለ። እስከ 25 ሰውና እስከ 50 መሣሪያ ድረስ ካል አይጠይቅም። ሥራህ ሁሉ ዊንዶውስ ከሆነና ከዚያ በላይ እንደማታድግ ካወቅህ ቅር አይበልህ፣ እሱን ውሰድ።

አሮጌ ሰርቨር በርካሽ አግኝተው የሚመጡ ሰዎች አሉ። ላያቸው ላይ የተጫነውን ተመልከቱ። የዊንዶውስ ሰርቨር 2012 አር2 ድጋፍ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 2023 አልቋል። የ2016ቱ እ.ኤ.አ. ጥር 2027 ያበቃል። የደኅንነት አፕዴት የማይመጣለት ሰርቨር ላይ የድርጅት ሒሳብ አይቀመጥም። እ.ኤ.አ. ግንቦት 2017 ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቀው ዋናክራይ የሚባል ቫይረስ ዓለምን ሲያምስ ማይክሮሶፍት ማስተካከያውን ካወጣ ሁለት ወር ሊሞላው ነበር። የተመቱት ያልጫኑት ናቸው።

ሁለተኛው ሐሳብ ሊኑክስን ብቻ መጠቀም ነበር። ፎልደር ለማጋራት ሳምባ የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ይበቃል፤ ከእ.ኤ.አ. 2012 መጨረሻ የ4.0 ዕትም ጀምሮ ደግሞ ራሱ የአክቲቭ ዳይሬክተሪ ዶሜይን ኮንትሮለር (አካውንቶቹን ይዞ የሚፈትሽ ሰርቨር) ሆኖ መሥራት ይችላል። ዴቢያንና ኡቡንቱ የሚባሉት የሊኑክስ ዓይነቶች ሁለቱም ጥሩ ናቸው። እኔ ዴቢያንን እወዳለሁ፤ ዝም ብሎ ይሠራል፣ በየጊዜው ባሕሪውን አይቀይርም። የሒሳብ ሶፍትዌራችን ግን ሊኑክስ ላይ አይነሳም። እዚያ ላይ አበቃ።

ሦስተኛው ክላውድ ነው፤ የሌላ ኩባንያን ሰርቨር በኢንተርኔት መከራየት ማለት ነው። ብረት አትገዛም፣ ጠጋኝ አትፈልግም። ግን ወር በገባ ቁጥር ትከፍላለህ። ብዙዎቹ ደግሞ ዳታህን ስታወጣ ያስከፍላሉ፤ ስታስገባ አይሰማህም። ኢንተርኔት ሲቋረጥ ገንዘብ ተቀባዩ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። ከእኛ ሥራ ጋር አልሄደም።

እንዲህ እያልኩ ነው ፕሮክስሞክስ ላይ የደረስኩት። የሚሠራው ቪየና፣ ኦስትሪያ ያለ ኩባንያ ነው፤ የመጀመሪያው ዕትም የወጣው እ.ኤ.አ. በ2008 ነው። መሠረቱ ዴቢያን ነው። ላዩ ላይ ኬቪኤም ሙሉ ቨርቹዋል ማሽን ያስነሳል፣ ኤልኤክስሲ ደግሞ ቀለል ያለ የሊኑክስ ኮንቴይነር (ሙሉ ማሽን ሳይሆን ለብቻው የተከለለ የሊኑክስ ክፍል) ያስነሳል። ሁሉንም በብሮውዘር ታዝዘዋለህ። ኮዱ ክፍት ነው፤ ሳትከፍል ብትጠቀም ምንም የተቆለፈ ነገር የለም። የምትከፍለው ለተፈተሸው የአፕዴት ማከማቻና ለድጋፍ ነው፤ ክፍያውም በፕሮሰሰር ሶኬት (ፕሮሰሰሩ በሚቀመጥበት ቦታ) ቁጥር ነው እንጂ በኮር ወይም በሰው አይደለም።

ኮዱ ክፍት መሆኑና ሳይከፈልም መሥራቱ ለእኔ ትልቅ ነው። የምትተማመንበት መሠረት በአንድ ማስታወቂያ ሲቀየር ብዙ ሰው ተጎድቷል። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 2020 የሰርቨር ሊኑክስ የሆነው ሴንትኦኤስ 8 እስከ 2029 ይቆያል የተባለው በ2021 መጨረሻ እንደሚያበቃ ተነገረ። ብሮድኮም የተባለው ኩባንያ የቨርቹዋል ማሽን ሶፍትዌር የሚሠራውን ቪኤምዌርን እ.ኤ.አ. ኅዳር 2023 ገዝቶ ሲጨርስ ደግሞ አንዴ ከፍሎ ለዘላለም የመጠቀም ፈቃድ ቀረ፤ በየጊዜው የሚከፈል ብቻ ሆነ። ኢኤስኤክስአይ የሚባለው የቪኤምዌር ነፃ ሶፍትዌርም በ2024 መጀመሪያ ተነሳ፤ በ2025 ነው የተመለሰው። ትልቅ ድርጅት ጠበቃም ሠራተኛም አለው፣ ይቋቋመዋል። ትንሽ ቢሮ ግን ሥራውን አቁሞ ሰርቨር ሲያዛውር አይውልም።

የፕሮክስሞክስ አጫጫን ቀላል ነው። መጫኛውን ፍላሽ ላይ ታደርገዋለህ፣ ዲስክ ትመርጣለህ፣ አይፒ አድራሻ ትሰጠዋለህ። ከዚያ ከሌላ ኮምፒውተር ብሮውዘር ከፍተህ አድራሻውን ጽፈህ መጨረሻ ላይ ፖርት 8006 ትጨምራለህ። ስትገባ የድጋፍ ክፍያ እንደሌለህ የሚነግር መስኮት ይወጣል። አትደንግጥ፣ እሺ ብለህ እለፍ። ከዚያ አፕዴት ለማድረግ ስትሞክር ስሕተት ይልሃል፤ ምክንያቱም መጀመሪያ የተዘጋጀለት ማከማቻ የከፋዮች ነው። በማከማቻዎች ገጽ ላይ እሱን አጥፍተህ ክፍያ የማይጠይቀውን ትጨምራለህ። ይህን ሳያስተካክሉ ለወራት ያለ አፕዴት የተቀመጡ ሰርቨሮች አይቻለሁ፤ የሚያሳዝን ነው፣ ሥራው የአምስት ደቂቃ ስለሆነ።

ዊንዶውስ ሰርቨርን ውስጡ ስትጭን ሌላ የሚያደናግር ቦታ አለ። ዲስኩን ቨርትአይኦ በሚባለው ፈጣን ዓይነት ካደረግከው የዊንዶውስ መጫኛ "ዲስክ የለም" ይልሃል። አለ። ድራይቨሩን፣ ማለትም ዲስኩን የሚያሳውቀውን ትንሽ ፕሮግራም፣ ነው ያጣው። የቨርትአይኦ ድራይቨሮችን የያዘውን የአይኤስኦ ፋይል እንደ ሁለተኛ ሲዲ አያይዘህ ድራይቨሩን ከዚያ ትጭናለህ፣ ዲስኩ ወዲያው ብቅ ይላል። እዚያው ላይ የእንግዳ ኤጀንቱንም ጫን። ባክአፕ ሲወሰድ ዊንዶውስ ፋይሎቹን ለአፍታ አረጋግቶ እንዲይዝ የሚያደርገው እሱ ነው። ለኤስኪውኤል ዳታቤዝ ይህ ብዙ ለውጥ ያመጣል። ቢሆንም እኔ ኤስኪውኤል ራሱ የሚወስደውን ባክአፕም ማታ ማታ አስወስዳለሁ።

አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ፕሮክስሞክስ ላይ መጫን የዊንዶውስን ፈቃድ አያስቀርም። የብረቱን ኮር ሁሉ በሚሸፍን አንድ የስታንዳርድ ፈቃድ ሁለት የዊንዶውስ ቨርቹዋል ማሽን ማስነሳት ይፈቀድልሃል። እኛም አንዱን ለሒሳቡ፣ ሌላውን ለዶሜይን ኮንትሮለር አደረግነው። ፎልደሮቹና የክምችት ፕሮግራሙ ዴቢያን ኮንቴይነር ውስጥ ናቸው።

አሁን ወደምወደው ክፍል ልምጣ። ፕሮክስሞክስ ባክአፕ ሰርቨር የሚባል ለብቻው የሚጫን ወንድም አለው፤ የመጀመሪያው ዕትም የወጣው እ.ኤ.አ. በ2020 ነው። የተቀየረውን ብቻ ነው የሚልከው፣ አንድ ዓይነት የሆነውን ዳታ ደግሞ ሁለቴ አያስቀምጥም። ስለዚህ አሮጌ ዴስክቶፕ ከአንድ ትልቅ ዲስክ ጋር ለእኛ በቂ ሆኗል።

አንድ ቀን ጠዋት ከሒሳብ ክፍል ተደወለልኝ።

"ወንድሜ፣ የደረሰኝ ፎልደሩ የለም። ትናንት ነበረ እኮ።"

"ወደ ሌላ ፎልደር ገብቶ እንዳይሆን?"

"ፈለግኩት። ስሙም የለም።"

"እሺ እህቴ፣ ምንም አትንኪ። መስመር ላይ ቆዪኝ።"

ብሮውዘሩን ከፈትኩ። የፋይሎቹን ኮንቴይነር መረጥኩ፣ የሌሊቱን ባክአፕ ነካሁ፣ ፋይል መመለሻውን ተጫንኩ። ውስጡ ያለው ሁሉ በፎልደር በፎልደር ተዘርግቶ ታየኝ። የደረሰኙን ፎልደር መርጬ በዚፕ አወረድኩት፣ ፈትቼ ቦታው መለስኩት። "አሁን እዪው" አልኳት። ስልኩን አልዘጋችም ነበር። ሙሉ ማሽን መመለስ አላስፈለገም፣ የሌላ ሰው ሥራም አልተቋረጠም። ሰርቨር ስመርጥ ዋናው መለኪያዬ ይኸው ነው፦ የጠፋ ነገር በምን ያህል ልፋት ይመለሳል? ሻጮች ስለ ፍጥነት ያወራሉ። ቢሮ የሚያቆመው ግን ቀርፋፋ ዲስክ ሳይሆን የጠፋ ፎልደር ነው።

ስናፕሾትን (የማሽኑን የዚያን ሰዓት ሁኔታ ይዞ የሚያቆየውን) ባክአፕ ነው ብሎ የሚያርፍ ሰው ደግሞ አለ። ስናፕሾቱ ያለው እዚያው ዲስክ ላይ ነው። ዲስኩ ከሄደ አብሮ ይሄዳል። አፕዴት ከመጫን በፊት ስናፕሾት ውሰድ፣ ሥራው ከተሳካ አጥፋው። አንድ ዳታ ሁለት ዲስክ ላይ የሚጽፈው ሬይድም እንደዚያው ነው፤ አንድ ዲስክ ሲሞት ሥራ እንዳይቆም ያደርጋል፣ የተሰረዘ ፋይል ግን ከሁለቱም ዲስክ እኩል ነው የሚሰረዘው። የእኛ ባክአፕ አንድ ቅጂ ከቢሮው ውጭ ይቀመጣል።

ስለ ብረቱ ብዙ አልልም። ኢሲሲ ራም (የራሱን ስሕተት የሚያርም) ያለው ማሽን፣ ሁለት ኤስኤስዲ ዲስክ አንዱ የሌላው ቅጂ በሚሆንበት ሬይድ፣ መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚይዝ ዩፒኤስ። ዩፒኤሱ በዩኤስቢ ከሰርቨሩ ጋር ይያያዝና ባትሪው ሊያልቅ ሲል ሰርቨሩ በሥርዓት እንዲዘጋ ይደረግ። ኤስኤስዲው ላይ ግን አትቆጥቡ። ፕሮክስሞክስ ላይ ዲስኮቹን የሚያስተዳድርልን ዜድኤፍኤስ ብዙ ይጽፋል፤ ለላፕቶፕ የተሠራ ርካሽ ኤስኤስዲ ዕድሜው ቶሎ ያጥራል። ለሰርቨር የተሠራና ኃይል ሲቋረጥ በእጁ ያለውን ጽፎ የሚጨርስ ዓይነት ፈልጉ። ዜድኤፍኤስ ራምም ይወዳል። ቀድሞ ካልከለከልከው እስከ ግማሹ ራም ድረስ ለካሽ (ለጊዜያዊ ማስቀመጫ) ይወስድ ነበር፤ ከፕሮክስሞክስ 8.1 ወዲህ በአዲስ አጫጫን ከአሥር በመቶ እንዳያልፍ ተደርጓል፣ ጣሪያውም 16 ጊጋባይት ነው። ከቆየ ዕትም እያሻሻልክ የመጣህ ከሆነ ግን የድሮው ቅንብር አብሮህ ሊኖር ይችላል፤ ተመልከተው።

ሁለት ሰርቨር ገዝቶ ክላስተር (አብረው እንደ አንድ የሚሠሩ ሰርቨሮች) ላድርግ ለሚል ሰው የምለው አለኝ። ሁለት ማሽን ብቻ ሆኖ አንዱ ሲጠፋ የቀረው ግማሽ ድምፅ ብቻ ስለሚኖረው ብቻውን አይወስንም። ሦስተኛ ድምፅ የሚሰጥ ነገር ያስፈልጋል፤ ትንሽ ኮምፒውተር ላይ የሚጫን ኪውዲቫይስ ይህን ይሠራል። እኔ ግን ለሃያ ሰው ቢሮ አልመክረውም። ሁለተኛውን ማሽን ባክአፕ ሰርቨር አድርገው።

ለማን አይሆንም? ቢሮው ውስጥ የሊኑክስ ተርሚናል የማይፈራ አንድም ሰው ከሌለ አይሆንም። አብዛኛው ሥራ በብሮውዘር ያልቃል፤ ትልቁ ዕትም ሲቀየር ግን ተርሚናል ውስጥ መግባት አይቀርም። ፕሮክስሞክስ 9.0 እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2025 ዴቢያን 13ን ይዞ ሲወጣ ከ8 ወደ 9 ለመሻገር መጀመሪያ ሲስተሙን የሚፈትሽ አብሮ የተሰጠ ፕሮግራም ማስሮጥ፣ ቀይ የጻፈውን ማስተካከል፣ ከዚያ ማከማቻዎቹን ቀይሮ ማሻሻል ነበረብን። አስቸጋሪ አይደለም፤ ግን የሚጻፈውን እያነበበ የሚሄድ ሰው ይፈልጋል። እንደዚያ ዓይነት ሰው ከሌላችሁና ሶፍትዌራችሁ ሁሉ ዊንዶውስ ከሆነ ዊንዶውስ ሰርቨርን ከሃይፐር ቪ ጋር ያዙ። ፋይል መጋራት ብቻ ከሆነ የምትፈልጉት ደግሞ እንደ ሲኖሎጂ ያለ ናስ (በኔትወርክ ፋይል ለማጋራት ብቻ የተሠራ ሳጥን) ይበቃችኋል፤ ሰርቨር አትግዙ።